የቅዳሜ ተራ

«ቀስ! ቀስ በል እንጂ! በሽተኛ የያዝክ ይመስል ያዘው!»

ጃፈር የከባዱን ኮምፒዩተር አንድ ጫፍ ይዞ በጀርባው ወደ በሩ እያዘገመ ልጁን ይቆጣል። ሌላውን ጫፍ የያዘው ልጁ ኸባብ ጢሙን አሳድጎ፣ ኪሌሌሽዋ ቤት ተከራይቶ ለብቻው የሚኖር ጎልማሳ ነው። አባቱ ሲቆጣው ግን ዛሬም አንገቱን ይደፋል።

ከመቃብር ተመልሰው እጃቸውን ገና መታጠባቸው ነው። ለቅሶ ደራሹ የሚቀመጥበት ቦታ ጠፋ። ስለዚህ የሟቿን የፍቅርተን ሳሎን ሞልተው የኖሩት ኮምፒዩተሮች አንድ በአንድ እየወጡ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳው ሥር ይደረደራሉ። ዓይናለም አንሶላ ታቅፋ እዚያው ቆማለች። አንዱ በተቀመጠ ቁጥር ታለብሰዋለች። መርዶውን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ ስላልዞረ፣ የሰዉ ድምፅም የመኪናው ጡሩምባም ከውኃ ማዶ የሚመጣ ይመስላታል። ከደረጃው የሚገባው ነፋስ አንሶላውን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው፣ ከሥሩ የተኙት የሚተነፍሱ መሰላት።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው የቆምሽው?» አለች የጃፈር ሚስት ሀጀራ፣ በአንድ እጇ የሻይ ፔርሙስ፣ በሌላው የሳምቡሳ ትሪ ይዛ።

«አቧራ እንዳይገባባቸው ብዬ ነው።»

«አቧራውን ተዪውና ገብተሽ ተቀመጪ። ፊትሽን በመስታወት አይተሽዋል? ልጅ ያለሽ ሰው ነሽ እኮ።»

ሳሎኑ ውስጥ ባዶ የቀረው ቦታ ጥጉ ላይ ያለው ፍራሽ ብቻ ነበር። ዓይናለም እዚያ ተቀመጠች። ከተቀመጠች በኋላ ነው ቦታው የማን እንደሆነ የገባት። የሐዘኑ ባለቤት የሚቀመጥበት ነው። ፍቅርተ ደግሞ ናይሮቢ ውስጥ ዘመድ የላትም። የሚገባው ሰው ሁሉ ማንን «ያጽናሽ» እንደሚል ሲፈልግ ዓይኑ ይዞርና፣ ጥጉ ላይ ዓይኗ አብጦ የተቀመጠችው ሴት ላይ ያርፋል።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። እህትሽ ናት?» አሏት አንዲት ከፓርክላንድስ የመጡ ሴትዮ።

አይደለችም ልትል አፏን ከፈተች። «ታሳየኝ ነበር» የሚል ቃል ወጣ።

ሴትዮዋ ምን እንደሆነ አልገባቸውም። ራሳቸውን ነቅንቀው አጠገቧ ተቀመጡ።

ጃፈር ግን ሰምቶ ነበር። ሻዩን ፉት አለና፣ «ይቺን ሴት የማያውቅ ሰው ካለ እኔ ልንገረው» ብሎ ጀመረ። ከታች፣ ጫማ ሱቁ ውስጥ፣ ደንበኛ ሲያግባባ የሚያወጣው ድምፅ ነው፤ ዛሬ ግን ሻክሯል። «ድሮ ነው። ጫማ በኮንቴይነር አስመጥቼ ስከፍተው መሀሉ ላይ አንድ ኮምፒዩተር ቁጭ ብሏል። ማን እንደላከው ዛሬም አላውቅም። ቤት ወሰድኩት። ይቺ ሀጀራ ዳንቴል አለበሰችው።»

«አምሮበት ነበር» አለች ሀጀራ።

«እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉን ገለጥ አድርገን እናሳያለን፤ እንግዳው ሲሄድ መልሰን እንሸፍናለን። ዓመት ሞላው። አንድ ቀን ፍቅርተ ጫማ ልትገዛ መጣች። ያኔ ማመልከቻ የሚጻፍበት ሱቅ ነበር የምትሠራው። ስለ ኮምፒዩተሬ ጉራዬን ስነዛባት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ ‹ለመሆኑ ይሠራል?› አለችኝ። ‹ምኑ?› አልኳት።»

ሳሎኑ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ሰው በለቅሶ ቤት ሲስቅ እንደሚያደርገው ሁሉም ወዲያው አፉን በእጁ ሸፈነ።

«‹በኢስትሊ ሰፈር ዳንቴል የለበሰ ስንት እንዳለ ታውቃለህ ወይ?› አለችኝ። ‹ቅዳሜ ይዛችሁልኝ ኑ። የማውቀውን አሳያችኋለሁ፣ የማላውቀውን ደግሞ አብረን እናበላሸዋለን› አለች። በብርድ ልብስ ጠቅልለን በምኮኮቴኒ፣ በእጅ ጋሪ፣ እየገፋን አመጣነው። መንገደኛው ሬሳ መስሎት ቆሞ ያሳልፈን ነበር።»

ሬሳ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ጃፈር ራሱ ደነገጠ። ሀጀራ ቶሎ ብላ ቀጠለችለት። የአንዱን ሰው ኮምፒዩተር ፍቅርተ ራሷ በማታቱ ታክሲ ልታመጣው ሄዳ፣ ረዳቱ ለኮምፒዩተሩም ሒሳብ ካልተከፈለ ብሎ ያዛት። ከፈለችና በመስኮቱ በኩል ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሌላ ተሳፋሪ ሲመጣ፣ «ይቅርታ፣ እሱም ከፍሏል፤ ከተማውን ይይበት» አለች።

ዓይናለም ዓይኗን ጨፍና አየችው። ትልቅ ጥቁር ፊት ያለው ኮምፒዩተር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ዝናብ የመታው የናይሮቢ ጎዳና ፊቱ ላይ እያለፈ። ዛፎቹ፣ ጃንጥላዎቹ፣ በቆሎ ጠባሾቹ፤ ሁሉም በመስታወቱ ላይ ሽው ሽው ይላሉ። ፍቅርተ አጠገቡ ሆና ትስቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር የተጀመረው። ደብተር ላይ የሰፈረው ስሙ «የቤት ኮምፒዩተር ተጠቃሚዎች ማኅበር» ነው። በዚያ ስም የጠራው ሰው ግን የለም። ሰው ሁሉ «ቅዳሜ» ነው የሚለው። «ቅዳሜ ገብተሃል?»፣ «እሱን ቅዳሜ ጠይቃቸው»። ደሞዝ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ አስተማሪም የለውም። ፍቅርተን አስተማሪ ያላት ሰው ይገሠጻል። «እኔን አስተማሪ ያላችሁኝ ቀን ሌላው ሁሉ ቁጭ ይላል» ትላለች። ሕጉ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው፣ የሚያሳይ ሰው እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል፤ የሌላውን ሰው ኮምፒዩተር አይነካም፤ ይናገራል እንጂ አይነካም። ሁለተኛው፣ መጨረሻ የተማረ ሰው ለሚቀጥለው አዲስ ሰው ያንኑ የተማረውን ያሳያል። ተራ ነው። ነጋዴ ይሁን ፓስተር፣ ተራው ሲደርስ ይቆማል።

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ እንኳ፣ በኢስትሊ አፍ «ስቲማ ሲሄድ»፣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር አሉ። በደመናማው ከሰዓት ድንግዝግዝ ውስጥ ሁሉም ጣቱን በጠፋው ኮምፒዩተር ላይ አድርጎ፣ ቢበራ ኖሮ ምን እንደሚነካና ምን እንደሚያይ በየተራ ይናገራል። ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

ዓይናለም ወደ ቅዳሜ የገባችው ከሁሉ በኋላ ነው። የመጣችውም በልጇ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ከቃለአብ ትምህርት ቤት በስልኳ መልእክት መጣ። ማንበብ አልቻለችም። የምታነብላት ጎረቤቷ የለችም። ቃለአብን መኪና ገጭቶት ነው የሚል ሐሳብ አንዴ ከገባባት አልወጣ አለ፤ በዝናቡ ሮጠች። ስትደርስ ልጇ ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ ቻፓቲ ይበላል። መልእክቱ ለሰኞ የስፖርት ጫማ ይዞ ይምጣ የሚል ነበር። ስትመለስ ከጃፈር ሱቅ በራፍ፣ ከዝናቡ ተጠልላ፣ የራሰ ልብሷን እየጨመቀች ስታለቅስ ፍቅርተ አገኘቻት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ጫማ ነው ያሉት» አለች ዓይናለም፣ እንደገና እያለቀሰች።

በቤተ ክርስቲያን የጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥራ ነበር። ግን ፊደሉ ወረቀት ላይ አይያዝላትም፤ ሁሉም ተመሳሳይ ይሆንባታል። ፍቅርተ ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጠቻትና እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። አንዴ ስትነካው አንድ ፊደል መጣ። ሁለተኛ ስትነካ ያው ፊደል ዓይኗ እያየ መልኩን ለወጠ።

«እንዴ! ተንቀሳቀሰ!»

«ይንቀሳቀሳላ። በሕይወት ያለ ነው።»

በዚያ ዓይነት፣ ፊደል ሲለወጥ በዓይኗ እያየች፣ ማንበብ ጀመረች። የተማረችው የመጨረሻው ነገር ስሟን ጽፋ ማስቀመጥ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ይጠፋል ብላ ስትሠጋ ሰንብታ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትከፍተው እዚያው ተቀምጧል። «ጠበቀኝ» አለች በሹክሹክታ። ፍቅርተ ያን ቃል በጣም ወደደችው፤ ላገኘችው ሰው ሁሉ ስትናገር ሰነበተች።

ሰኞ ዕለት ነው ፍቅርተ የደወለችላት። «ለቅዳሜ አዲስ ሰው አለን። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በስልክ ነው የማውቃቸው። ተራው ያንቺ ነው።»

ዓይናለም ፈራች። ሰው ፊት ብትሳሳትስ? ቢስቁባትስ? ቃለአብስ በእናቱ ቢያፍር? «ቅዳሜ እንኳ የልጁ ትምህርት ቤት ስብሰባ አለብኝ» አለች።

ፍቅርተ ሳቀች። «እሺ፣ እናቱ። ስብሰባው ሲያልቅ ነዪ።»

ማክሰኞ ጠዋት ፍቅርተ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ቀጥ አለ፤ በዚያው ቀረች።

ዛሬ ዓይናለም ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ፣ አፈሩ እየወረደ፣ እያለቀሰች ሳለ፣ አንዲት ቀጭን ሐሳብ እንደ እባብ በውስጧ አለፈች። እንግዲህ ተራው ቀረ። ከትከሻዋ አንዳች ነገር ሲወርድ ተሰማት። ያ ነገር ከወረደ ጀምሮ የሰው ዓይን ማየት አቅቷታል።

ዓርብ ደመናው አልገለጥ አለ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ መዝሙር ይዘመራል፤ ሀጀራ ሻይ ትቀዳለች። ከሰዓት በኋላ ሰው ቀለል ሲል፣ ከቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አንዱ የሆነው ሚልኬሳ መጽሐፍ ቅዱሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ጃፈር ዞረ። እሱም ድሮ ቅዳሜ የተማረ ሰው ነው።

«ቤቱን ለባለቤቱ ማስረከባችን አይቀርም። ኮምፒዩተሮቹን ለአንድ ትምህርት ቤት ብንሰጥስ?»

«ነገ ቅዳሜ ነው» አለ ጃፈር።

«አውቃለሁ።»

«ቀርቶ አያውቅም። ከተማው ተረብሾ መንገድ የተዘጋ ጊዜ እንኳ እሷና ሀጀራ ሁለቱ ብቻ ተቀምጠው ዋሉ። አንድ ጊዜ ከቀረ ቀረ ማለት ነው፣ ወንድም ሚልኬሳ።»

«ኦነስትሊ፣ አባ» አለ ኸባብ ዝግ ብሎ፣ «አሁን ሁሉም ሰው ፎን አለው። ሁሉን ነገር እዚያው ያያል። ማን ይመጣል? እኔም እኮ ለእሷ ብዬ ነበር የምመጣው።»

«አንተን ማውዝ መያዝ ያስተማረችህ እሷ ናት!»

«አልካድኩም እኮ፣ አባ። ኖ፣ አልካድኩም።» የኸባብ ዓይን እንባ ሞላ።

ሚልኬሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለቅሶ ቤት ኮምፒዩተር አይከፈትም። ሰው ምን ይለናል? ደግሞስ የማን ተራ ነው? ለማንስ ነው የሚታየው? የሚያውቅ አለ?»

ዓይናለም ብርጭቆዋ ውስጥ አየች። ሻዩ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ተንሳፍፏል። መናገር ፈለገች። የእኔ ነው። አዲስ ሰው አለ። ሁለት አጭር ቃል ነው። ምላሷ ግን የሌላ ሰው ምላስ ሆነባት።

«እንግዲያው ይቅር» አለ ሚልኬሳ።

ማንም አልተቃወመም። ጃፈር ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ከአንሶላው አጠገብ ብዙ ቆየ።

ቅዳሜ ፀሐይ ወጣች። የሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነ ሥራ የዋለው ሁሉ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ጫማው ከበሩ ውጭ ተቆልሎ እስከ ደረጃው ደረሰ። ሚልኬሳ ጸሎት አድርሶ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ዝም ባለበት ቅጽበት፣ አንዲት ሰውነታቸው ደቀቅ ያለ አሮጊት በሹራብ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው በሩ ላይ ቆሙ።

«አሰላሙ አለይኩም» አሉ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው። ዓይናቸው ከጫማው ክምር ወደ ሰዉ፣ ከሰዉ ወደ ጫማው ተመላለሰ። «ማሻአላህ! ተማሪው ይህን ያህል ነው? ዘገየሁ መሰለኝ።»

አንድም ሰው አልመለሰላቸውም። ዝምታውን ሥርዓት መስሏቸው እሳቸውም ዝቅ ብለው በጣታቸው ጫፍ ገቡ። ጥጉ ላይ፣ ዓይናለም አጠገብ፣ ባገኟት ትንሽ ቦታ ተቀመጡ። ሹራቡን ገለጡት። ያረጀ ላፕቶፕ ነው። ከፈቱትና አንድ ቦታ ተጫኑ። ኮምፒዩተሩ በዚያ ሁሉ ዝምታ መሀል የደወል ድምፅ አሰማ።

ሀጀራ ቀድማ ነቃች። «እናቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«ቅዳሜን። ሰዲቃ እባላለሁ። በስልክ አነጋግሬያት ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ብደውል ብደውል አታነሳም፤ እንግዲህ ቅዳሜ ብላኛለች ብዬ መጣሁ። የትኛዋ ናት?»

ሚልኬሳ ነው የነገራቸው፤ በለሰለሰ ድምፅ፣ ባጭሩ።

ሰዲቃ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ኢና ሊላሂ... ወይኔ ልጄ። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት መስሎኝ!» እንባቸው በተጨማደደው ጉንጫቸው ወረደ። ፊቷን አይተው ለማያውቋት ሰው እንደዚያ ሲያለቅሱ ማየት ቤቱን ሁሉ አስለቀሰው። «ድምፅዋ እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ። ‹አይዞዎት፣ እኛ ዘንድ የሚስቅ ሰው የለም› አለችኝ። በየወረቀቱ ስሜን ሰው ነው የሚጽፍልኝ፤ አንድ ቀን እንኳ እኔው ልጻፈው ብዬ ነበር። ይቅር በሉኝ። ልሂድ።»

ክዳኑን ሊዘጉ እጃቸውን ዘረጉ።

«አይዝጉት» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዓይናለም የራሷ ድምፅ መሆኑን ያወቀችው ሁሉም ወደ እሷ ሲዞር ነው።

«ተራው የእኔ ነው» አለች። «ሰኞ ነግራኛለች። አልችልም ብዬ ነበር። የእኔ ነው።»

ሚልኬሳ አያት። ጃፈርም አያት። ዓይናለም ግን ማንንም አላየችም። ከፍራሹ ወርዳ ሰዲቃ ጎን ተንበረከከችና እጆቿን ወደ ኋላ አጣመረች። ከኋላዋ አንዱ እጇ ሌላውን አጥብቆ ያዘው።

«ከየት ልጀምር?» አሉ ሰዲቃ።

ረሳችው። ሁሉም ነገር ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ጠፋ። ጊዜው ረዘመ። ኸባብ አላስችል ብሎት ከጀርባ ሆኖ ጣቱን ወደ ኮምፒዩተሩ ሲልክ፣ ሀጀራ እጁን ቸብ አደረገችው።

«እጅ ወደ ኋላ!»

«ሶሪ፣ ሶሪ፣ እማ።»

በዚያች ጫጫታ መሀል ተመለሰላት። «ያችን ነጭ ገጽ ይክፈቷት። እሷን፣ አዎ። አሁን አንዱን ፊደል ይንኩ። ነካ ብቻ።»

ሰዲቃ ተጫኑና ጣታቸውን ረሱት። ገጹ ላይ አንድ ፊደል እየተደጋገመ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ወረደ።

«ኧረ ፈሰሰ! ኧረ ያዙልኝ!»

ቤቱ ሳቀ። ሚልኬሳ ራሱ፣ መጽሐፉን ደረቱ ላይ እንደያዘ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያም ምንም ሳይናገር ጉልበቱን ሰብስቦ ለሁለቱ ሴቶች ቦታ ለቀቀላቸው።

«የሚስቅ የለም አላለችኝም?» አሉ ሰዲቃ፣ እሳቸውም እየሳቁ፣ እንባቸው ሳይደርቅ። «የእሷን ስም ልጻፍላት ይሆን? ማን ነበር የምትባለው?»

ዓይናለም መልሱን ታውቀዋለች። «የለም። እሷ ብትኖር የራስዎን ነው የምታስጽፍዎት።»

ፀሐይዋ ዞራ ኖሮ በመጋረጃ አልባው መስኮት ዘልቃ ፍራሹ ላይ አረፈች። የላፕቶፑ ፊት ነጭ ሆኖ ቀረ።

«ጠፋብኝ» አሉ ሰዲቃ። «ፊደሉ አይታየኝም፣ ልጄ። አሁን እዚህ አልነበረም?»

«አለ። አልጠፋም። ብርሃኑ ነው።»

ዓይናለም ከኋላዋ የተጣመሩትን እጆቿን ፈታች። ከቀብሩ ጀምሮ ከራሷ ያልወረደውን ጥቁር ሻል አወለቀች። ዘረጋችውና በራሷ፣ በአሮጊቷና በኮምፒዩተሩ ላይ ድንኳን አድርጋ ጣለችው። ከሥሩ ጨለመ። አዲስ የጥቁር ጨርቅ ሽታ አለው፤ የአሮጊቷ ትንፋሽ ይሞቃል። በጨለማው መሀል ያቺ ነጭ ገጽ እንደ ጨረቃ ወጣች፤ ፊደሎቹም ላይዋ ነበሩ።

«ታየኝ» አሉ ሰዲቃ በሹክሹክታ።

ማንም በማያያት በዚያች ጠባብ ጨለማ ውስጥ የዓይናለም እንባ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። አልጠረገችውም። ሁለቱ እጆቿ ብርሃን እንዳይገባ የሻሉን ጫፍ ወጥረው ይዘዋል።

«ይቀጥሉ፣ እናቴ» አለች። «ይዤዋለሁ።»